ሁለገቡ ስልክና ባለ አንድ ሥራው ዕቃ

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሐኪም ሃያ ደቂቃ ከተሰጠው አርባ እንደሚወስድ ስለሚያውቁ ደግሞ የጠረጴዛ ሰዓት ፊት ለፊቴ አስቀምጠዋል። ጥሩ አድርገዋል። ሰዓቱን ከስልክሽ ላይ እያየሽ ተናገሪ ቢሉኝ ኖሮ፣ አንዱን መልእክት ሳነብ ሌላው እየመጣ እናንተን ረስቼ እቀር ነበር።

የዛሬው ጉዳዬም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እንደምታውቁት ማኅበራችን ዘንድሮ ከአባላት ከሚሰበሰበው መዋጮ ለኢንተርኖቻችን አንድ ነገር ሊገዛ አስቧል። ምን ይገዛ ሲባል ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ወገን «ለእያንዳንዱ ኢንተርን ታብሌት እንግዛለት፤ መጽሐፉም፣ ማስሊያውም፣ ካሜራውም፣ ሰዓቱም፣ መብራቱም በአንድ ዕቃ ያልቅለታል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የለም፤ እንደ ድሮው የእጅ ባትሪ፣ የእጅ ሰዓት፣ መለኪያ እንስጠው» ይላል። ይህ የዕቃ ግዢ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ መድረክ ላይ ባልወጣሁ ነበር። ነገሩ ግን አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ይነካል። ስለዚህ የማስበውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ኪሳችን። የኔ ዘመን ሰዎች የጋዋናችንን ኪስ ታስታውሳላችሁ? ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ፣ የእጅ ባትሪ ደረት ኪስ ውስጥ፣ በስተቀኝ የሪፍሌክስ መዶሻና ሜትር፣ በስተግራ የመድኃኒት መጠን የሚነግረን ትንሽ መጽሐፍ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ (አንዱን ሲኒየሩ ስለሚወስደው)፣ እጃችን ላይ ደግሞ ሰኮንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት። ኪሱ በየሦስት ወሩ ይቀደዳል። ዛሬ ኢንተርኑን ስታዩት ስቴቶስኮፕና ስልክ ይዞ ነው የሚገባው። በቃ። ሌላው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ገብቷል።

ይህ እንዴት እንደሆነ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኖኪያ 1100 የተባለችው ስልክ ወጣች። አናቷ ላይ ባትሪ ነበራት። በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። እኛም አገር ስንቱ ቤት መብራት ሲጠፋ በእሷ እራቱን በልቷል! ያኔ አንድ ስልክ ሁለት ሥራ ሠራ ብለን ተደነቅን። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ሲያስተዋውቅ ዕቃውን ያቀረበው ሙዚቃ ማጫወቻም፣ ስልክም፣ ኢንተርኔት መጠቀሚያም በአንድ ላይ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ካሜራ ሻጮችን ጠይቁ። የካሜራ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ገበያ የላኳቸው ዲጂታል ካሜራዎች ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወረዱ። ካሜራ ስለከፋ አይደለም። እንዲያውም ያን ያህል ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ሰው የሚጠቀመው ቤት ያስቀመጠውን ጥሩ ዕቃ ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ እንድትረዱኝ እፈልጋለሁ። እኔ የስልክ ጠላት አይደለሁም። ስልክ እኛን ሐኪሞችን ብዙ ረድቶናል። የሕክምና መመሪያው ሲታደስ አዲሱ ቅጂ በዚያው ሳምንት ስልካችን ላይ ነው። ወረዳ ሆስፒታል ያለ ጠቅላላ ሐኪም በሌሊት የኢሲጂ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ለሲኒየሩ ይልካል፤ መልሱም በደቂቃዎች ይመጣል። የኔ ትውልድ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በተረጋጋ ነበር። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ፤ አስታማሚው ለመድኃኒት የጎደለውን ብር ከዘመድ ለማግኘት አውቶቡስ መጠበቅ አይኖርበትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ሲያብሩ የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ምኑ ይጣመር፣ ምኑ ይነጠል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ደግሞ እኛ የሕክምና ሰዎች ከማንም በፊት እናውቀዋለን፤ ያስተማረን የመድኃኒት መደርደሪያ ነው።

የቲቢ ሕክምናን አስቡት። ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ዛሬ በአንድ ኪኒን ተጣምረው ይመጣሉ። የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ በአንዲት ፍሬ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሽተኛው አንዱን ውጦ ሌላውን አይረሳም፤ አንዱ ከመጋዘን ሲያልቅ በሌላው ብቻ ታክሞ ጀርሙ መድኃኒቱን አይለምድም። ግን የቲቢ በሽተኛችሁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ኪኒኑን ታቆማላችሁ፤ ጉበቱ እስኪያገግም ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የትኛው እንደጎዳው ትፈልጋላችሁ። ያን ቀን ነጠላዎቹ መድኃኒቶች መጋዘን ውስጥ ከሌሉ፣ ያ የተመሰገነ ጥምር ኪኒን እጃችሁን ያስረዋል። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጥምሩ ለዘወትር፣ ነጠላው ለክፉ ቀን። ሁለቱም መደርደሪያው ላይ መኖር አለባቸው።

ይህን ደንብ ወደ ኪሳችን ይዘን እንምጣ። አንድን ሥራ ለሁለገቡ ዕቃ ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ ዕቃው ሲወድቅ ምን ምን ይዞ ይወድቃል? የሚል ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት ወልዳ ቁስሏ እየተሰፋ ሳለ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ወዲያው አልተነሳም። ኢንተርኑ ስልኩን አውጥቶ አበራልን። ነገር ግን ያ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ሰዓትም፣ መጽሐፍም፣ ማስሊያም፣ ከቤተሰብ መገናኛም ሆኖ ውሏል። ቻርጁ ሲያንስ፣ እንደተሠራበት ሥርዓት፣ ራሱን ለማትረፍ መጀመሪያ መብራቱን አጠፋ። ለስልኩ ትክክል ነበር፤ ለእናቲቱ ግን አልነበረም። ደሙ ከየት እንደሚመጣ ማየት አቃተን። ጩኸታችንን ከደጅ የሰሙት የሌሊቱ ዘበኛ፣ ሁለት ድንጋይ የምትወስድ የእጅ ባትሪያቸውን በነርሷ በኩል ላኩልን። ስፌቱ በዚያች ባትሪ አለቀ። እናትና ልጅ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያቺ ባትሪ ሰዓት አትነግርም፣ አትደውልም፣ ፎቶ አታነሳም። ቀኑን ሙሉ ምንም ስላልሠራች ነው በሌሊት የሠራችው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉት አባቶቻችን ይህንንም የሚጨምር ይመስለኛል።

በቤታችንም ያው ነው። ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ዛሬ የሚያጣው ስልክ ብቻ አይደለም። ገንዘቡን፣ የዘመዶቹን ቁጥር፣ የልጆቹን ፎቶ፣ የጠዋት ማንቂያውን፣ ሬዲዮኑን በአንድ ቅጽበት ያጣል። አንዳንዱ የሚስቱን ስልክ ቁጥር እንኳ በቃሉ አያውቅምና ተውሶ ሊደውልላት አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ይህ ሥራ ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል ወይ? የሚል ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የሚያስለውን ሕፃን ትንፋሽ መቁጠርን ውሰዱ። የሳምባ ምች ነው ወይስ ጉንፋን የሚለውን ለመለየት ከምናደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ርካሽ የለም። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው እንላለን። ግን ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱን ማየት ያስፈልጋል። ሕፃኑ ይንቀሳቀሳል፣ ያለቅሳል፣ እናቱ ትጨነቃለች። ሠላሳ ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ የስልካችሁ ስክሪን «የሠፈር ዕቁብ፦ አዲስ መልእክት» ቢላችሁስ? ዓይናችሁ አንድ ጊዜ ከወረደ ቁጥሩ ጠፋ። ከዚያ ሰው ሆነን እንገምታለን። በ48 እና በ52 መካከል ያለው ግምት ደግሞ ለዚያ ሕፃን አንቲባዮቲክ ማግኘትና አለማግኘት ነው።

ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራች አንዲት ትንሽ ዕቃ እንዳለች ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዩኒሴፍ ለጤና ሠራተኞች ሲያከፋፍላት የኖረችው የትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓት ናት። በየሰኮንዱ ቀጭ ትላለች፤ ግማሽ ደቂቃ ላይ ትጮኻለች፤ ደቂቃው ሲሞላ ደግሞ ትጮኻለች። ሌላ ምንም አታውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ዓይናቸውን ከሕፃኑ ደረት ሳይነቅሉ ይቆጥሩባታል። ጆሮ ሰዓቱን ይይዛል፣ ዓይን ሕፃኑን ይይዛል። ያን ዕቃ ያሰበው ሰው ባለሙያዋ ምን ላይ ማተኮር እንዳለባት ገብቶታል።

የክንድ መለኪያዋንም አስታውሱ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ያላት የፕላስቲክ ጥብጣብ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን ክንድ ላይ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ከ12.5 በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው። ቻርጅ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ። ማንበብ ለማትችል እናት ጭምር አሳይተናት ራሷ የልጇን ክንድ ትለካለች። እስቲ ከዚህ የበለጠ «ዘመናዊ» ዕቃ አሳዩኝ!

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የሚሰጠንን ቁጥር ማን ፈትሾታል? የሚል ነው። በኮቪድ ጊዜ ጣታችሁን ስልካችሁ ካሜራ ላይ አድርጉና የደም ኦክስጅናችሁን እንነግራችኋለን የሚሉ መተግበሪያዎች ተሰራጩ። ትክክለኛው የጣት መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትሩ፣ የሚሠራው ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው፤ አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ስለሚውጥ ልዩነቱ ይሰላል። ተራ የካሜራ ፍላሽ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። ግን ስክሪኑ ላይ «98» ብሎ በትልቁ ሲጽፍ ቁጥሩ ቁጥር ይመስላል። ትንፋሽ አጥሮት ቤቱ የተቀመጠን ሰው ያዘናጋዋል።

አንድ ታካሚም ልንገራችሁ። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ አባት ናቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ዘመናዊ የእጅ ሰዓት አስረው መጡ። «ዶክተር፣ ከትናንት ጀምሮ ደረቴን ይጫነኛል፤ ግን ሰዓቱ ልብህ ደህና ነው ብሎኛል፤ ልጄም እዚያ ሆና አይታዋለች» አሉኝ። ሰዓቱ አልዋሸም። የልብ ምት ሥርዓቱ የተስተካከለ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዓቶች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኢሲጂ ማንሳት ችለዋል፤ የሚያነሱት ግን ልብን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያዩ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የተዘበራረቀ ምት ለመያዝ በእውነት ይጠቅማሉ። እኛ ደረትና እጅ እግር ላይ 10 ኤሌክትሮዶች ለጥፈን የምናነሳው ኢሲጂ ልብን በ12 አቅጣጫ ያየዋል። በዚያ ሲታዩ የልባቸው የታችኛው ግድግዳ ደም እያጣ ነበር። «አባባ፣ ሰዓቱ የጠየቁትን አልመለሰም፤ እሱ የሚያውቀውን ነው የመለሰው» አልኳቸው። ደግነቱ ሰዓቱን ብቻ አምነው አልተኙም።

አሁን፣ ሁለተኛው ወገን በጣም እንዳይደሰት፣ ስለ ባለ አንድ ሥራ ዕቃዎች ድክመትም እንነጋገር። ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ የምንጠቀምበት ኦክሲሜትር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሲፈተሽ፣ በጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ ያለፈበት ጊዜ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። የቆዳችን ቀለም ብርሃኑን ስለሚያስተው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ቢልም በሽተኛው ደህና ካልመሰለን በሽተኛውን ማመን አለብን። ሁላችንም ደግሞ መጋዘን እናውቃለን። በዕርዳታ መጥተው፣ ገመዳቸው ወይም የሚለጠፈው ዕቃቸው አልቆ፣ አቧራ የለበሱ ስንት ማሽኖች አሉ! አምስት ባለ አንድ ሥራ ዕቃ ማለት አምስት የሚጠፋ ዕቃ፣ አምስት ዓይነት ድንጋይ፣ አምስት መለዋወጫ ማለት ነው። በዚህ በኩል የታብሌቱ ወገን እውነት አለው።

ቢሆንም ስቴቶስኮፑን ተመልከቱት። ላኔክ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ ከጀመረው ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራው ያው አንድ ነው፤ ስልክም ሊውጠው አልቻለም። ምክንያቱም ስቴቶስኮፕ ድምፅ ከማምጣቱ ሌላ ሐኪሙን ጎንበስ አድርጎ በሽተኛው አጠገብ ያቆየዋል። በሽተኛው ያን ጊዜ የሚታከመው እሱ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ስልክ ስናወጣ ግን ምን እንደምናደርግ አያውቅም። የመድኃኒቱን መጠን እያየን ይሁን ፌስቡክ፣ ከአልጋው ሆኖ አይለይለትም። አንዲት እናት በሆዷ «ልጄ እያቃሰተ እሷ ስልኳን ትነካካለች» ብላ ብታዝንብን በምን እንፈርድባታለን?

እንግዲህ ወደ መዋጮው ልመለስ። የኔ ሐሳብ ይህ ነው።

ታብሌት ይገዛ፤ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዋርድ። መመሪያዎቹ፣ የመድኃኒት መጠን ማስሊያው፣ ለምክክር የሚላኩ ፎቶዎች በእሱ ይሁኑ። ከዋርዱ አይውጣ። የበሽተኛ ቁስል ፎቶ የኢንተርኑ የግል ስልክ ውስጥ፣ ከእህቱ ሠርግ ፎቶ አጠገብ መቀመጡ ይቅር። ስልኩ ነገ ቢጠፋ ወይም ቢሸጥ ያ ምስል የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። በሽተኛው ደግሞ አደራ የሰጠው ለሆስፒታሉ ነው።

ለእያንዳንዱ ኢንተርን ደግሞ አንዲት ትንሽ ቦርሳ እንስጠው። ውስጧ አምስት ዕቃ ትያዝ፦ በየሱቁ በሚገኝ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ባትሪ፣ ሰኮንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት፣ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ ሜትር፣ እና ከታወቀ አቅራቢ የተገዛ፣ የተፈተሸ የጣት ኦክሲሜትር። ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የባትሪው ለኦክሲሜትሩም እንዲሆን። ከግዢው በፊት የባዮሜዲካል ባለሙያዎቻችን ይዩት። ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብም ከመዋጮው ላይ ዛሬውኑ ይቀነስ፤ ዕቃ ሰጥቶ ድንጋይ መከልከል እንዳይሆንብን።

መምህሮቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። እናንተ ስታስተምሩን ትንፋሽ በግምት የቆጠረውን ተማሪ «እስቲ እንደገና፣ ሙሉ ደቂቃ» ትሉት ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ስንት ሕፃን እንዳተረፈ እናንተም አታውቁትም። ዛሬም በራውንድ ላይ ስልኩ ኪስ ይግባ፣ ሰዓቱ ይውጣ፣ ደቂቃው ይቆጠር። ዕቃውን እኛ እንገዛለን፤ ልማዱን ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጥ የለም።

የመዋጮው መዝገብ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለዋርድ ታብሌት የምትሰጡም፣ ለቦርሳዋ የምትሰጡም ስማችሁን በየፊናው አስፍሩ። ለሁለቱም የምትሰጡ ደግሞ እግዜር ይስጥልን።